የይፋግ ሙሽራ

ጥሩሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይኗ ቀድሞ የሚያርፈው ልብስ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሌላው ሰው ከግድግዳው ስዕል ፊት ሲሰግድ፣ እሷ ጊዮርጊስ ከዘንዶ ያዳናት የብሩታዊት ቀሚስ ከወገቡ ላይ እንዴት እንደተሸበሸበ፣ የንጉሡ ካባ ጫፉ በምን ዓይነት ክር እንደተዘመዘመ ስትመረምር እናቷ ጎሸም ታደርጋታለች። አበረን አግብታ ከወረታ ዝቅ ብሎ፣ ከፎገራ ሜዳ ዳር ካለው ቤቱ ከገባች በኋላም ይኼ አመል አልለቀቃትም። ላሞቹ ታልበው፣ እህሉ ተፈጭቶ፣ ጎኗን የምታሳርፍበት ሰዓት ሲመጣ መርፌዋን ታነሣለች።

ወረታ ገበያ ላይ ከአንድ ሱቅ በረንዳ የሚሰፋ ደረሰ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበረ። ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ አይጥልም፤ በከረጢት ሰብስቦ ያቆይላታል። ከዚያ ቁርጥራጭ የማትሠራው ነገር የለም። የንጉሥ ካባ ሰፍታለች፣ የመነኩሴ ቆብ ሰፍታለች፣ ለተረቱ ጅብ ሳይቀር ሁለት ጆሮ ያለው ለምድ ሠርታለታለች። ለገና የሰፈሩ ልጆች መጥተው ይለብሱታል፣ ይሯሯጡበታል፣ ቀዳደው ይመልሱላታል። እሷም ስቃ ትጠግነውና በአቆማዳ አድርጋ ከግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለች።

አማቷ ታይቱ ይኼን ነገር አይወዱትም ነበር። ታይቱ ብርቱ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ያን ሁሉ ከብትና መሬት ብቻቸውን የያዙ፣ ልጃቸውን አበረን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ። ጥሩሰው መርፌ ይዛ ባዩዋት ቁጥር፣ «ማንም የማይለብሰው ልብስ» ብለው አንገታቸውን ያዞራሉ። ከዚያ በላይ አይናገሩም፤ ግን ያቺ አንድ ቃል ለሳምንት ትበቃለች።

የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ባሕር ያስመሰሉበት የሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት አለፈና መስከረም ሲጠባ፣ ታይቱ ነገር ይጠፋቸው ጀመር። መጀመሪያ የዕቃ ቦታ ነበር። ቀጥሎ የሰው ስም ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ጥሩሰው ወተት ይዛላቸው ስትገባ፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው፣ ጥቂት ልብሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሚዜዎቹ ርብን ተሻገሩ?» አሏት።

«የትኞቹ ሚዜዎች፣ እማማ?»

«የኔዎቹ ናቸዋ። ዛሬ አይደል የሚወስዱኝ?»

ታይቱ የይፋግ ልጅ ናቸው። ገና በልጅነታቸው በበቅሎ ተጭነው፣ ርብን ተሻግረው ወደዚህ ቤት የመጡ ሙሽራ ነበሩ። አሁን ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን ሁሉ ከልባቸው ወጥቶ፣ የተቀመጡበት መደብ የአባታቸው ቤት መደብ መስሏቸዋል። ወተቱን አልነኩም። ሙሽራ በሠርጓ ቀን በሰው ፊት አትበላም አሉ። ከሰዓት በኋላ ወጥተው ከአጥሩ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። በመጨረሻ «ትቶኛል ማለት ነው» ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

አበረ ከእርሻ ሲመለስ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። እውነተኛ ሰው ነው፤ ነገር ማለስለስ አያውቅበትም።

«እምዬ፣ አባባ እኮ ከሞተ ስንት ዘመኑ። እኔ ልጅሽ አበረ ነኝ።»

ታይቱ ትክ ብለው አዩት። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባቸው፤ ሲገባቸው ግን እንደ አዲስ ነበር። ደረታቸውን ደቁ፣ ባላቸውን በስሙ እየጠሩ አለቀሱ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ሙሾ አወረዱ። ሌሊቱን ደክሟቸው ተኙ። ሲነጋ ለቅሶውን ረስተው፣ ነጠላቸውን ተሸፋፍነው፣ ስለ ሚዜዎቹ ጠየቁ።

እንዲህ እያለ ጥቅምት አለቀ። አበረ በየጊዜው እውነቱን ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም በየጊዜው እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። ሰውነታቸው አለቀ፤ የእጃቸው አጥንት ተቆጠረ። አንድ ምሽት ጥሩሰው ባሏን ጓሮ ወሰደችና፣

«ተይኝ ብትለኝም አንድ ነገር ልናገር» አለችው። «በየቀኑ መርዶ እያረዳሃቸው ነው።»

«ታዲያ እናቴን ልዋሻት?»

ጥሩሰው በማግስቱ መርፌዋን ይዛ ከአጥሩ በር፣ ከድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቱ አንገታቸውን አላዞሩባትም።

«ሚዜዎቹ ምን ለብሰው ነው የሚመጡት?» አለቻቸው።

የአሮጊቷ ፊት ተፈታ። ቁርስ መብላታቸውን የማያስታውሱት ሴት፣ የዚያን ቀን ልብስ ክር በክር ያውቁታል። ሁለቱም ሚዜዎች ነጭ እጀ ጠባብና ጠባብ ሱሪ ነው የሚለብሱት። የመጀመሪያው ሚዜ ጥቁር ካባ ይደርብበታል፤ ገበሩ ቀይ ነው። ካባው የራሱ አይደለም፣ ከአጎቱ የተዋሰው ነው፤ የግራ ትከሻው እሳት ነክቶት በቡናማ ጨርቅ ተጠግኗል። «እህቴ በአጥር አጮልቃ አይታው ነው የነገረችኝ» ብለው ከነጠላቸው ውስጥ ሳቁ። የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ነው፤ ከደረቱ እስከ እግሩ በቀይና በአረንጓዴ ክር መስቀል ተጠልፎበታል። አማትየዋ ደግሞ ወፍራም ናቸው ይባላል፤ መቀነታቸው ሁለት ጊዜ አይዞርም አሉ።

«ክፉ ናቸው ይሉኛል» ብለው ታይቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዴት አድርጌ እኖር ይሆን?»

ጥሩሰው የዚያኑ ሳምንት ወረታ ወረደች። ደረሰ ነገሩን ሲሰማ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመ። ከሱቁ ውስጥ ገብቶ አንድ ነጋዴ ጥሎት የሄደ አሮጌ ጥቁር ካፖርት አመጣላት።

«ገበሩን አውጥተሽ ብትተረትሪው ካባ ይወጣዋል» አላት። «ብቻ አንገቱን እንደ አሁኑ አታቁሚው። የዚያን ጊዜ ካባ አንገቱ ዝርግ ነው፤ አባቴ ሲሰፋ አይቻለሁ።» ከዚያ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግቶ በጠመኔ አሰመረላት። ለገበሩ የሚሆን ቀይ መጋረጃ ከገበያው ማዶ ከምትሸጥ ሴት አገኘች።

ኅዳርንና ታኅሣሥን ካባውንና ባለ መስቀሉን ቀሚስ ስትሰፋ ከረመች። በየቀኑ የሠራችውን ወስዳ ከድንጋዩ አጠገብ ትዘረጋዋለች። ታይቱ ጣታቸውን እያሳለፉ ይነኩታል፤ መስቀሉ ይኼን ያህል አይተልቅም፣ አረንጓዴው ይበዛል ይሏታል። እሷም ትፈታና እንደገና ትጠልፋለች። እንግዲህ ጥልፉ እስኪያልቅ ሚዜዎቹ አይመጡም ስለተባለ፣ ለቅሶው ቀረ። ወተትም መጠጣት ጀመሩ።

አስቸጋሪው አበረ ነበር። ጥሩሰው ካባውን ስትለካበት፣

«ይኼን ለብሼ በሰው ፊት?» አላት። «አገር ይስቅብኛል። ደግሞስ ለገዛ እናቴ ሙሽራ እሆናለሁ?»

«ሙሽራው ቤት ነው የሚጠብቃት። አንተ ሚዜ ነህ። ሚዜ ለሙሽራ ወንድሟ ነው።»

አበረ በማግስቱ የነፍስ አባታቸውን አባ ተክለ ማርያምን ስለ ነገሩ ሊያማክር ሄደ። አባ ተክለ ማርያም እስኪጨርስ ሰሙትና፣

«እናትህ በልጅነትህ አዝለውህ ወንዝ ሲያሻግሩህ ‹ደርሰናል፣ ደርሰናል› ይሉህ አልነበረም?» አሉት። «ገና ከመሐል ሳሉ ነበር እኮ። ሂድ፣ ውሸት ነው የሚልህ ካለ እኔ ዘንድ ላከው።»

ጥር ገባ። ሜዳው ደርቆ ሽምብራው አረንጓዴ ሆኗል። ጎረቤታቸው አለምነህ በቅሎውን አስጊጦ አመጣ፤ ሁለተኛው ሚዜ እሱ ነው። ጥሩሰው ለሁለቱም እጀ ጠባብ ሰፍታላቸዋለች። አለምነህ ሱሪው ጠቦት መራመድ አቅቶት የሰፈሩን ሴቶች አሳቀ። አበረ ግን አልሳቀም፣ አልተሳቀበትምም። ካባውን ደርቦ ከአጥሩ በር ሲገባ፣ የጎረቤት ሴቶች ተጠርተው መጥተው ነበርና እልልታውን አቀለጡት።

ታይቱ ባለ መስቀል ቀሚሳቸውን ለብሰው ቆመው ይጠብቃሉ። አበረ ሲቀርብ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ የግራ ትከሻው ላይ ሄደ። ጣታቸውን ሰደው ቡናማውን ጥጋኝ ዳሰሱት።

«እውነቷን ነው እህቴ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ምነው ይኼን ያህል ቆያችሁ?» አሉት።

አበረ «ወንዙ ሞልቶብን ነው» አለ። ይኼን የሚል ቃል ማንም አላስጠናውም። «እኔ ወንድምሽ ነኝ። እስክንደርስ ድረስ አንቺን የሚነካ የለም።»

ዞሮ ጎንበስ አለና አዘላቸው። ቀለውት ደነገጠ፤ ለአለምነህ በኋላ እንዲህ ብሎ ነገረው። በቅሎዋ ላይ አስቀመጣቸው። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ አለምነህ ልጓሙን ይዞ፣ አበረ በጎን ደግፏቸው በሽምብራው ማሳ ዳር ዞሩ፤ ደረቁን መስኖ ‹ርብ ነው› ብለው ተሻገሩት። ከዚያ በጓሮ በኩል ወደዚያው ቤት ተመለሱ።

ከቤቱ ደፍ ላይ ጥሩሰው ቆማለች። ራሷን በሻሽ አስራለች፣ መቁጠሪያ ይዛለች፣ ወፍራም እንድትመስል ሆዷ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቃ በመቀነት ጠፍራዋለች። ስትለብሰው ጨዋታ ነበር። አሁን አሮጊቷ አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ስታይ ግን የራሷ የሠርግ ቀን ትዝ አላት።

እሷም በዚህ ደፍ ላይ እንዲሁ አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ያኔ ታይቱ እጇን ይዘው መዳፏን ገለበጡና፣ «ይኼ እጅ ወፍጮ የሚያውቅ አይመስልም» ብለዋት ገቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ እንጂ አንቺ ብላቸው አታውቅም።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ልጄ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

«ሥራ ብዙ አላውቅም» አሉ ታይቱ፣ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ። «ቢበላሽብኝ ይቆጡኝ ይሆን?»

ጥሩሰው እጃቸውን ያዘች። መዳፉ እንደ ቅርፊት ሻክሯል። በሁለት እጇ መሐል አድርጋ አቆየችው።

«አልቆጣሽም። የማታውቂውን አሳይሻለሁ። የከበደሽን አብረን እንሠራዋለን። ቤቱ ያንቺ ነው።»

ታይቱ ቀና ብለው ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጥሩሰው ‹አወቁኝ› ብላ ፈራች።

«ክፉ ናቸው ብለውኝ ነበር» አሉ። «እግዜር ወንድ ልጅ ሰጥቶኝ ምራት ባመጣ፣ እኔም እንደርስዎ ነው የምቀበላት።»

ጥሩሰው በዚህ መሐል ሆዷ ላይ ያሰረችው ጨርቅ ተፈትቶ ወደ ታች መንሸራተት ጀመረ፤ በክንዷ ደግፋ፣ እያነባችም እየሳቀችም፣ ሙሽራዋን ወደ ውስጥ አስገባች። አበረ በቅሎዋን ልይ ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ፤ እስኪመለስ ድረስ ብዙ ቆየ።

ያን ቀን ታይቱ ጠግበው በሉ። ከዚያ ወዲያ ከበሩ ድንጋይ ላይ አልተቀመጡም፤ መጥተዋልና የሚጠብቁት አልነበረም። አልፎ አልፎ «ባለቤቴስ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ከብቱን ይዞ ሜዳ ወርዷል» ይባላሉ። ‹እሺ› ብለው ይቀመጣሉ፤ ሜዳ የወረደ ሰው እንደሚቆይ ያውቃሉ። ይኼን መልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው አበረ ነበር። አንዳንዴም ሳይጠይቁት ስለ ከብቱ ያወራላቸዋል፦ የትኛዋ እንደወለደች፣ ሣሩ የት እንደሚሻል። እሳቸው እንደ ሚዜ ወንድማቸው ያዳምጡታል።

ጥሩሰውን ከዚያ በኋላ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። ‹እሜቴ› ነው የሚሏት። መጀመሪያ አፍራ ነበር፤ ኋላ ለመደችው። አሮጊቷም ከረሱት ዕድሜ ጋር ቁጣቸውንም ጥለውት ነበርና፣ ከሥሯ አይጠፉም። በሁዳዴ መግቢያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥሩሰው ከደረሰ ያመጣችውን ቁርጥራጭ እየመረጠች ሳለ፣ ተጠግተው ተቀመጡ።

«ይኼን እኔንም ያስተምሩኝ» አሏት።

ጥሩሰው ክር አስገብታ መርፌውን ሰጠቻቸው፤ የጨርቁን ጫፍ አጥፋ አስያዘቻቸው። ታይቱ ምላሳቸውን በከንፈራቸው መሐል ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ወጉት። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱም ከጨርቁ የወጣ ሆነ። ከመስመሩ ዳር ሲደርሱ አነሡና አሳዩዋት።

«ለማን ነው የምንሰፋው?» አሉ።

«እስቲ እናስብ» አለች ጥሩሰው። «ለንግሥት ይሁን?»

ታይቱ ትንሽ አሰቡና፣ «ለንግሥት ከሆነ ቀይ ይግባበት» ብለው ከከረጢቱ ውስጥ ቀዩን ጨርቅ መፈለግ ጀመሩ።