የአጎቴ ፑባላን ንጹሕ ውሃ

ጉር፣ ጉር፣ ጉር። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ እንደገና ጉር። ጠዋት ዓይኔን ከመግለጤ በፊት የምሰማው ይህንን ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ሆዱ የተነፋ ሽማግሌ የተኛ ይመስላል። ሽማግሌ የለም፤ የሚያጉረመርመው ከዓሣ ገንዳ ውሃ ላይ ቆሻሻውን በአረፋ እየሰበሰበ የሚያወጣው ሞተር ነው። ክፍሌ ከጋራዡ ጋር ተለጥፋ የተሠራች ናት። ጋራዡ ውስጥ ደግሞ መኪና የለም፤ መኪናዋ የደርበን ፀሐይና የባሕር ጨው እየተፈራረቁባት ደጅ ትዝጋለች። በእሷ ቦታ ስድስት መቶ ሊትር የባሕር ውሃ በመስታወት ገንዳ ሆኖ፣ ማቀዝቀዣ ተገጥሞለት፣ እንደ ሚኒስትር ተንቀባሮ ይኖራል።

ባለቤቱ አጎቴ ፑባላን፣ የአክስቴ የቲላጋ ባል ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቀለም ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሠርቷል። ሥራው ሁለት ነጭ ቀለሞችን አስተያይቶ የትኛው ይበልጥ ነጭ እንደሆነ መፍረድ ነበር። አሁን የሚፈርደው በውሃ ላይ ነው። በየማለዳው መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰቅሎ ከገንዳው በትንሽ ብልቃጥ ይቀዳል፣ ጠብታ ይጨምራል፣ ያናውጣል፣ ከቀለም ካርድ ጋር ያስተያያል። ሮዝ ከሆነ ናይትሬት አለ፤ ሰማያዊ ከሆነ ፎስፌት አለ። ሁለቱም ከዓሣ ምግብና ከዓሣ ኩስ የሚመጡ ናቸው፤ ከበዙ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ የውሃ ተክል ገንዳውን ይወርሰዋል፣ ገንዳው ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚያድገው የባሕር እንስሳ፣ ኮራሉም፣ ይታፈናል። ይህ እውነት ነው። የአጎቴ ችግር እውነት ሲያገኝ ልክ አለማወቁ ነው። እሱ የሚፈልገው ዜሮ ነው።

ዜሮ ግን እምቢ አለ። ውሃው ሁልጊዜ ትንሽ ሮዝ፣ ትንሽ ሰማያዊ ነበር።

አጎቴ ጨው ቀየረ። ማጣሪያ ጨመረ። ከዘጠኙ ዓሦች አምስቱን ለጎረቤት ሰጠ፤ ጎረቤት ጠብሶ በላቸው ተብሎ ተወራ። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞረ።

«ፕሬኔሽ፣ ጋራዡ ውስጥ ዳቦ በልተሃል?»

«አልበላሁም፣ አጎቴ።»

«ፍርፋሪ ይበራል።»

«የእኔ ፍርፋሪ ግድግዳ አይሻገርም።»

«ማን ያውቃል? አንተ ቀኑን ሙሉ ስታልም ነው የምትውለው፤ ፍርፋሪህ የት እንደሚሄድ ምን ታውቃለህ?»

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለሐምራዊው ነው። ሐምራዊው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ኮራል ሲሆን፣ ከሰባት ዓመት በፊት አውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ሆኖ ገብቶ አሁን ትሪ አክሏል። የኮራል አርቢዎች ማኅበር በዓመት አንዴ የአባላቱን ገንዳ እየዞረ ያያል፤ ለአንደኛው ከእንጨት የተፈለፈለ ዓሣ ይሸልማል። አጎቴ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ ወጥቷል። ዘንድሮ በዜሮና በሐምራዊው ሊያሸንፍ ቆርጧል። ካልሆነ፣ በቤቱ ኑሮ የለም።

እኔ ሮዙ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። በየጠዋቱ፣ አጎቴ ጢሙን ሲላጭ፣ አክስቴ ቲላጋ ጋራዡ ውስጥ ካለው ፍሪጅ፣ ከአተር ከረጢት ጀርባ፣ የደቀቀ ሽሪምፕ አውጥታ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ውሃው ላይ ትበትናለች። ቢጫው ዓሣ ቀድሞ ይደርሳል።

«ና አንተ ሆዳም። ቀስ በል፣ ማንም አይነጥቅህም። ትናንት ሆድህን አሞህ ነበር አይደል? አይቼሃለሁ እኮ።»

እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። ለሌላ ወንድ እንዲህ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ ለሌላ ወንድ ስል አጎቴን ማለቴ ነው።

ከዚያ አጎቴ ካሜራ ገዝቶ ገንዳው ላይ አነጣጠረ።

ሳሎን ሰብስቦን የተቀረጸውን በቴሌቪዥኑ አሳየን። አክስቴ በሌሊት ልብሷ፣ እጇ ገንዳ ላይ፣ ባንክ ስትዘርፍ የተያዘች መስላ ቀርታለች።

«ቲላጋ! አንቺ ነሽ?»

«ርቧቸው ነበር።»

«ዓሣ አይርበውም! የሚበላው በመጠን ነው!»

«አንተስ በመጠን ነው የምትበላው? ትናንት አምስተኛዋን የሮቲ ቂጣ ማን ዋጣት?»

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም፤ አጎቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ! አይተሃል አይደል?»

«እኔ… ሻዬን ነበር የማየው።»

በማግሥቱ ገንዳው ክዳንና ቁልፍ ተበጀለት። አጎቴ መክፈቻውን በክር አንገቱ ላይ አሠረው፤ በቀን አንዴ እየመዘነ የሚሰጠው ምግብ ለጉንዳን ሠርግም አይበቃም። አክስቴ ወደ ጋራዡ መግባቷን ተወች። እራት ላይ ጨው ስጪኝ ሲላት ትሰጠዋለች። በቃ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ብልቃጦቹ እንደ እንባ ጠሩ። ዜሮ! አጎቴ በፒጃማው ጨፈረ፤ ለቤቱ ሁሉ ብሪያኒ የሚባለውን ቅመም የበዛበት ሩዝ ገዛ። ዓሦቹ በዓሉ ላይ አልተጋበዙም።

ከሳምንት በኋላ የሐምራዊው ጫፎች ገረጡ። ከዚያ መላ አካሉ ወተት የበዛበት ሻይ መሰለ። ከዚያ አጥንት።

«አጎቴ፣ ሐምራዊው ነጥቷል።»

«መብራቱ ነው። ውሃው ስለጠራ ብርሃኑ ያንጸባርቃል።»

«ኧረ ነጭ ነው!»

«ነጭ ምን እንደሆነ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለና ካርዱን አፍንጫዬ ስር ደቀነው። «ዜሮ! ዜሮ ምን ይጎድለዋል?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ያስተያየ ሰው፣ ዓይኑን ከካርዱ ነቅሎ አንድ ክንድ ወደ ግራ ማየት አቃተው።

እሑድ ማኅበሩ ሳምቡሳ ይዞ መጣ። ሊቀ መንበሩ ባባ ህሎንግዋኔ በሶድዋና ባሕር አርባ ዓመት የጠለቁ ሰው ናቸው። ገንዳው ፊት ቆመው ወደ ሐምራዊው ጎንበስ አሉ። ሌሎቹም ሳምቡሳ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ባባ፣ ቁጥሮቹን ላንብብልዎት?»

«ቁጥሩን ተወው፣ ፑባላን። እነዚህን ዓሦች ያበላ የነበረው ማነው?»

«ማንም! ማለቴ… ያ ድሮ ቀረ። አሁን ንጹሕ ነው።»

«በረሃም ንጹሕ ነው።» ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አኖሩ። «በኮራሉ ሥጋ ውስጥ እንደ ዱቄት የደቀቁ፣ ሌላ ዓይነት አልጌዎች ይኖራሉ። ቀለሙም ቀለቡም ከነሱ ነው። ዓሣው ይበላል፣ ይጸዳዳል፣ ለነሱም ትንሽ ይደርሳቸዋል። አንተ ያቺን ትንሽ አጥበህ ደፋሃት። ርሃብ ነው የያዘው።»

«ሞቷል?»

አጎቴ ሲጠይቅ ድምፁ ተሰበረ። ያን ጊዜ ብቻ አሳዘነኝ።

«ሥጋው ገና አለ። ይመለስ ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን ያበላው የነበረው ሰው ይመለስ።»

አክስቴ የሻይ ትሪ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። አጎቴ መክፈቻውን ሊያወጣ ሲጣደፍ ክሩ ጆሮውን ያዘው፤ ከመነጽሩ ጋር ታገለ፣ በመጨረሻ በያዘችው ትሪ ላይ አኖረላት። እኔ ሞኙ ይቅርታ ሊል ነው፣ ምናልባትም እጇን ይይዛል ብዬ አለምኩ። አጎቴ አፉን ከፈተ።

«ስንት ግራም ነበር የምትሰጫቸው?»

ባባ ህሎንግዋኔ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

አክስቴ ትሪውን አስቀመጠች። መክፈቻውን አንሥታ ቁልፉን ከፈተች። ከአተሩ ከረጢት ጀርባ ሽሪምፑን አውጥታ፣ ሳትመዝን፣ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ በተነች። ቢጫው ዓሣ ከስቶ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ግን ቀድሞ ደረሰ። አይታው ጎንበስ አለች፤ ምንም አላለችውም። ከዚያ መክፈቻውን ቀለም ካርዱ ላይ አኖረች፣ ሽርጧን ፈታ አጠፈችው፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

«ቲላጋ? ሻዩስ?»

ደጅ ያለችው መኪና ሦስት ጊዜ ሳለች። በአራተኛው ተነሣች።