ያለ እኔ ያየው ሩጫ

ደወሉ ተደወለ፤ ገረመው አልተነሳም።

ቆንጅት መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። በቴሌቪዥኑ ውስጥ የአሥር ሺህ ሜትር ሴቶች የመጨረሻውን ዙር ይዘዋል፤ የኛዋ ልጅ ከሁለቱ ኬንያዎች ጀርባ ተለጥፋለች፤ ልብ ቀጥ የሚልበት ሰዓት ነው። ቆንጅት እንደ ልማዷ ጭኗን እየመታች «እመብርሃን ድረሽላት! ኧረ እናቴ ድረሽላት!» ትላለች። እሱ ሆዬ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ እግሩን አነባብሮ ቆሎ ይቆረጥማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደወል በተደወለ ቁጥር ብድግ ብሎ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ ሯጯ መስመሩን እስክታልፍ ትንፋሹን ውጦ የሚቆም ሰውዬ!

ልጅቷ አሸነፈች። ገረመው «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አለ፤ አንድ ተማሪ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ደህና ዋል ያለው ይመስል።

ቆንጅት ዘወር ብላ አየችው። ነገሩ ልቧ ውስጥ ጥልቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። ይሄ ሰው አይቶታል። ቀድሟት አይቶታል።

እዚህ ላይ የቤቱን ሕግ ካልነገርኳችሁ ሴትዮዋ ያበደች ይመስላችኋል። ውድድሩ ባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ ሲመሽ እነሱ በሚኖሩበት የካናዳው ካልጋሪ ገና ቀትር ነው። በቀትር ደግሞ ቆንጅት የአረጋውያን መኖሪያ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። ጣቢያው ማታ ከእራት በኋላ ስለሚደግመው ባልና ሚስቱ ድሮ ተማምለዋል፤ አንዱ ያለ ሌላው አያይም። በዚያች የሰመር ሳምንት ፌስቡክ አይከፈትም፤ ዘመድ አዝማድ ስልክ ሲደውል «ውጤት እንዳትነግሩን!» ይባላል። ቆንጅት የአንሶላ ጋሪዋን እየገፋች አዛውንቶቹ ቴሌቪዥን በሚያዩበት ሳሎን ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ በዚሁ ሰበብ ከበር ጋር ተላትማ ግንባሯ አብጦ ያውቃል። ገረመው ስኩል ባስ ነጂ ነው፤ ሰመር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤት ይውላል። ሪሞቱ እጁ ላይ፣ የሚያየው ሰው የለ፣ ግን እስከ ዘንድሮ ሕጉን አፍርሶ አያውቅም። «የሌላው ባል አበባ ያመጣል፤ የኔ ሩጫ ይጠብቀኛል» እያለች ትኮራበት ነበር፤ እውነቷን ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና በማግስቱ ሥራ ስትሄድ የሪሞቱን ባትሪዎች አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ስለሆነ ያለ ሪሞት አይነቃነቅም። ማታ ገብታ በስውር መለሰቻቸው። ገረመው «ሪሞቱ ምን ሆነ?» አላለም። ሩጫው ሲጀመር ተደላድሎ ተቀመጠ፣ ደወሉ ሲደወል አሁንም አልተነሳም። እንግዲህ የቤቱን ቴሌቪዥን አልነካውም፤ ሩጫውን ግን አይቶታል። የት? ከማን ጋር?

«ማን የምታሸንፍ ይመስልሃል?» አለችው በሚቀጥለው ማታ፣ ገና ሁለት ዙር ሲቀር።

«እኔ እንጃ» አለ ገረመው፤ «ኬንያዋ ሳትሆን አትቀርም።»

አሸናፊዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። የሕይወት ዘመኑን በሙሉ ለኬንያ ድምፅ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለች ቆንጅት በልቧ፣ ቆሎውን ከፊቱ አንስታ ወደ ኩሽና ወሰደችው።

ሶፋው የሦስት ሰው ነው። መሐሉ ላይ አንድ ልጃቸው አርያም ነበረች የምትቀመጠው። ሕፃን ሳለች ደወሉ ሲደወል ሶፋውን እየዞረች ትሮጥ ነበር፤ አባት ቆሞ፣ እናት እመብርሃንን እየጠራች፣ ልጅ እየሮጠች፣ ሦስቱም አብረው ይጨርሱት ነበር። ኋላ ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ባርናባስ የሚባል ልጅ ወደደች፣ እሱን ተከትላ ጴንጤዎቹ ጋ ሄዳ ተጠመቀች። ቆንጅት ሠርጉን አልረገጠችም። አማቿንም እስከ ዛሬ «ያ ልጅ» እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ያን ሰሞን በንዴት «ገረመው፣ እሷ ቤት ከሄድክ ወደዚህ ቤት እንዳትመለስ!» ብላለች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገረመው «እሺ» አለ፣ ዳግመኛም የልጁን ስም አላነሳም። ቆንጅት ይኼን እንደ ታማኝነት ቆጠረችለት። አንዳንድ ቀን ግን ምነው ትንሽ በተከራከረኝ ትላለች። ልጅቷና ባሏ አዲስ ቤት ገዙ የሚል ወሬ ሲደርሳት እንኳ ኩራቷ ይዟት የት ብላ አልጠየቀችም።

ረቡዕ ማታ የባሏን ሸሚዝ ማጠቢያው ውስጥ ልትከት ስታነሳው ቅቤ ሸተታት። ቅቤ! በፍልሰታ! ሕፃን ልጅ በሚጾመው ጾም!

«ገረመው፣ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?»

«ምን ይሸታል?»

«ቅቤ።»

«ኧረ ባክሽ! ሐበሻ ሱቅ ገብቼ ነበር። የሆነች ሴትዮ ቅቤ ስትገዛ፣ እኔ ጎን ቆማ...»

«ሸሚዝህ ላይ ነው የመዘኑላት?»

  አውራ ጣቱን ወደ ኪሱ ሲከት አየችው፤ ውሃ ቋጥሯል።

«ጣትህስ?»

«ስቲሪንጉ ነው። ፀሐይ ላይ ፓርክ አድርጌው እንደ ምጣድ ግሎ ጠበቀኝ።»

ቆንጅት አልጋዋ ውስጥ ገብታ ሒሳቡን ሠራችው። ሴትየዋ ቴሌቪዥን አላት። ቀን ቀን ቤት ትውላለች። ጾም አትጾምም። እሳት ዳር አስቀምጣ በቅቤ ታበላዋለች። የስድሳ ዓመት ሰውዬ! ጉልበቱን በቪክስ እያሸች የምታስተኛው እሷ፣ ለደወሉ የሚነሳው ሌላ ቤት! ጀርባዋን ሰጠችውና አለቀሰች፤ እሱም «ጉንፋን ያዘሽ እንዴ?» ብሎ ብርድ ልብሱን ሳበላት። ይኼ ደግነቱ ይበልጥ አቃጠላት።

ሐሙስ ሥራ ቦታ ነገሩን ለብርቅነሽ ዘከዘከችላት። ብርቅነሽ ጴንጤ ናት፣ ያውም አርያም የምትሄድበት ቸርች ነው የምትሄደው። ይሁንና ቆንጅት ለልጇ የነፈገችውን ይቅርታ ለሷ ሳትጠየቅ ሰጥታታለች። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ በጾሙ ሽሮዋን ታካፍላታለች። አንድ ስምምነት ብቻ አላቸው፤ የአርያም ስም አይነሳም።

ብርቅነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «መኪናውን አይቻታለሁ» አለች።

ቆንጅት ክው አለች። «የት?»

«ሲቲስኬፕ ሰፈር። አንድ ቤት በር ላይ። ሰኞም እዚያው ነበረች፣ ትላንትም።»

«የማን ቤት ነው?»

«የሴት።»

«ታውቂያታለሽ?»

«በዓይን።»

«ወጣት ናት?»

«በጣም።»

«ቆንጆ ናት?»

«ቆንጆማ ናት» አለች ብርቅነሽ፤ የያዘችውን አንሶላ ፊቷ ድረስ ከፍ አድርጋ ማጠፍ ጀመረች። ቆንጅት ከአንሶላው ኋላ ያለውን ፊት ብታየው ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚያው ባለቀ ነበር።

«ቅዳሜ የአምስት ሺህ ፍጻሜ ነው» አለች ቆንጅት ጥርሷን ነክሳ። «ቅዳሜ ታደርሺኛለሽ።»

ዓርብ ቀኑን ሙሉ የምትናገረውን አዘጋጀች። አንዱ ንግግር በስድብ ይጀምራል፤ ሌላው በዝምታ፤ ሦስተኛው ቀለበቷን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር፣ ቀለበቱ ግን ከጣቷ አልወጣ አለ። ሳሙናም ሞክራለች። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የፈራችው ማርልቦሮ ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ፣ የሦስት ሰው ሶፋ ላይ፣ ብቻዋን ሩጫ ማየትን ነበር። ልጇን አስወጥታለች፤ ባሏም ከወጣ ማን ቀራት?

ቅዳሜ ገና ከቀትር በፊት ለሱፐርቫይዘሯ «ራሴን አሞኛል» ብላ ወጣች። ብርቅነሽ ካንትሪ ሂልስ ቡሌቫርድ በሚባለው ጎዳና ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነዳች። ሲቲስኬፕ ገብተው አንድ ዓይነት ቀለም በተቀቡት ቤቶች መሐል ሁለት ጊዜ ታጥፈው ቆሙ። የገረመው ኮሮላ በሩ ላይ ነበረች። መስታወቷ ላይ ቆንጅት በእጇ ያንጠለጠለቻት የእመቤታችን ሥዕል ትወዛወዛለች።

«እመቤቴን ሳይቀር ይዟት ይመጣል!» አለች ቆንጅት።

«እኔ አልወርድም» አለች ብርቅነሽ። «አንቺ ሂጂ። ቆንጅዬ፣ በእናትሽ፣ መጀመሪያ ጆሮሽን አስቀድሚ፣ አፍሽን ኋላ።»

ከሙቀቱ የተነሳ የሳሎኑ መስኮት ተከፍቷል። ቆንጅት በሣሩ ላይ እንደ ሌባ ሄዳ ከመጋረጃው ሥር ቆመች። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል። ከዚያ የባሏ ድምፅ መጣ፣ ቤቷ ውስጥ ከሰማችው ዘመን ያለፈው ለስላሳ ድምፅ።

«ተኚ ብዬሻለሁ! አትነሺ። ትራሱን ላስተካክልልሽ።»

አንዲት ሴት ሳቀች። ቆንጅት እጇን ግድግዳው ላይ ጣለች። በቃ፣ አለቀልኝ አለች።

ደወሉ ተደወለ። በመጋረጃው ክፍተት የገረመውን ጀርባ አየችው። ብድግ አለ። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ለሷ ሳምንቱን ሙሉ ያልተነሳው ሰውዬ እዚህ ተነሳ። ከቅቤውም፣ ከጣቱም፣ ከውሸቱም ይልቅ አንጀቷን የበጠሰው ይሄ ነው። ንግግሮቿን ሁሉ ረስታ ዞራ ልትሄድ አንድ እግሯን አነሳች።

«እመብርሃን ድረሽላት!» ብሎ ጮኸ ከውስጥ የሴትየዋ ድምፅ። ጭን ሲመታ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ። «ኧረ እናቴ ድረሽላት!»

የቆንጅት እግር አየር ላይ ቀረ። ያ ድምፅ የራሷ ነው። የራሷ ድምፅ፣ ወጣት ሆኖ። እንዲህ አድርጎ «ኧረ እናቴ» የሚለው ከሷ የወጣ አፍ ብቻ ነው፤ ከሷ የወጣው ደግሞ ዓለም ላይ አንድ ነው።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ገረመው እየሳቀ «ማንን ነው የጠራሽው አንቺ?» አለ።

«ኦ ማይ ጋድ፣ አባዬ! አፌ ለምዶ ነው እኮ። ለባርኒ እንዳትነግረው፣ ይስቅብኛል።»

«ለእናትሽ ነበር መንገር።»



«እማዬ አሁን ጋሪዋን እየገፋች ነው፣ አይደል?» አለች አርያም። «ላይክ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።»

ቆንጅት በሩን እንዴት እንዳንኳኳች አታውቀውም። የከፈተው ገረመው ነበር፣ በወገቡ የኩሽና ፎጣ አሸርጦ፣ ማማሰያ ይዞ። ሲያያት ማማሰያው ከእጁ ወደቀ።

«ቆንጅት... ሐኪሙ እስክትወልድ ተኚ ብሏት ነው። ባሏ ሥራ ነው፣ ቀን ሰው የላትም። አትሂድ እንዳልሽኝ አውቃለሁ። ቅቤውን እኔ አልበላሁም፣ እግዜር ምስክሬ ነው፤ ለሷ ጨጨብሳ ልሠራላት ብዬ ነው።»

«አንተ? ጨጨብሳ?»

«አረረ» አለ ገረመው።

ዘወር ብላ መንገዱን አየች። የብርቅነሽ መኪና የለችም፤ ጥላት ሄዳለች። ያቺ ተንኮለኛ፣ ቆንጆማ ናት ብላ!

ሳሎኑ ውስጥ አርያም እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች፤ ሆዷ ደርሷል። እናቷን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመጨረሻውን ዙር ቀስ አድርገው ሊደግሙት ነው፤ የአርያም እጅ ከአፏ ቀድሞ ወደ ሪሞቱ በረረና አጠፋችው።

«አላየሽውም አይደል?» አለች አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «እማዬ፣ አልነግርሽም። ማንም አይነግርሽም።»

ቆንጅት ምላሷ ላይ አንድ ቃል ነበራት። «ማንን ነው የጠራሽው?» ልትላት ትችል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሳል የከረመ ቢላ ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ ልጅቷ በገዛ አፏ አቀብላታለች። ቆንጅት ዋጠችው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ትራሱን አነሳችና የልጇን ያበጡ እግሮች ጭኗ ላይ አሳረፈቻቸው። አርያም እንደ ሕፃንነቷ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ቆንጅትም ከሷ ባሰች።

ማን እንዳሸነፈ በመስኮት በኩል ሰምታለች፤ ያ ሁሉ እልልታ ለኬንያ አይሆንም። ቢሆንም ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ባሏን ቀና ብላ አየችው።

«እንዳትነግሩኝ» አለች። «ባርናባስ ከሥራ ሲመጣ አብረን እናየዋለን።»