የወይዘሮ የዓይን ቆብ

በሰፈሩ የቀለም ክርክር ሲነሳ ዳኛው ጋሼ መርፌ ነበሩ። ሁለት ጥቁር ክር ጎን ለጎን ያስቀምጡና «ይሄ ጥቁር ነው፤ ያኛው ጥቁር መሆን የሰለቸው ነው» ይላሉ። ሌላው ሰው ዓይኑን ቢያፈጥም ሁለቱም ያው ጥቁር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ፔዳል መርገጥ ሲያቅተው ሱቁን ዘጉና የስፌት መኪናቸውን አስጭነው ከወንድማቸው ልጅ ግቢ ገቡ። አርፋለሁ ብለው ነበር የመጡት። የጎረቤት ሱሪ ሲያሳጥሩ ይውላሉ።

የወንድማቸው ልጅ በግና ፍየል ታረባለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የግጦሹን አጥር የሚያዛውረው እሱ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት መስጠት ካቆመች ሰንብታለች። ሰው ሲጠይቃት፣ «ትሉ ለመደው። ድሮ አንድ ጉንጭ ይገድለው የነበረውን ዛሬ ጠርሙሱን ብገለብጥለትም ውኃ መሰለው» ትላለች። በመድኃኒቱ ፋንታ መስኩን ከፋፍላ፣ ሣሩ ከመዳፍ ቁመት በታች ሳይወርድ መንጋውን ወደ ቀጣዩ ክፍል ታሳልፋለች። የተበላው ክፍል ትሉ በረሃብ እስኪያልቅ ያርፋል፤ ወይም የጎረቤት ላሞች ይገቡበታል፣ የበግ ትል ላም ሆድ ውስጥ አይበረክትምና። ጤዛ ሳይረግፍ ደግሞ አንድም በግ ከበረት አይወጣም። ከበጎቹ በጠጥ የሚፈለፈለው ትል እርጥብ ሣር ላይ ወጥቶ አፍ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው።

«ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዓይን ማየቱ ነው» አለቻቸው አንድ ቀን። «ትሉ ደም ይመጥጣል። ደም ያነሰው በግ የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይነጣል። ከመንጋው ሁለት ሦስቱ ናቸው ትሉን የሚዘሩት፤ ሌላው የእነሱን ያጭዳል። እነዚያን ቶሎ ለይቶ ማውጣት ነው። ይሄን ደግሞ ከእርስዎ በላይ ማን ያየዋል፣ አጎቴ?»

ጋሼ መርፌ ደስታቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን አሹ። የዚያኑ ቀን ከቅዳጅ ከረጢታቸው አምስት ብጣሽ ጨርቅ መርጠው በአንድ ጥብጣብ ላይ ሰፉ። አንደኛው እንደ በሰለ ቲማቲም ቀይ፣ አምስተኛው እንደ ከፈን ነጭ፣ የቀሩት በመካከል። የበጉን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገልጠው፣ ጥብጣቡን አስጠግተው፣ «ሁለተኛ!» ብለው ይጠራሉ። አራተኛና አምስተኛ የሆነው ከግጦሽ ወጥቶ ደረቁ በረት ውስጥ ቅጠልና ድርቆሽ ይበላል፤ በጠጡ መስክ ላይ እንዳይወድቅ። አገግሞ ተመልሶ እንደገና ከነጣ ግን ጉዞው ወደ ሥጋ ቤት ነው። ሕጉ የልጅቱ ነው፤ ሕጉን ለጎብኚ ሁሉ እንደ መምህር የሚያስረዱት ግን ጋሼ መርፌ ነበሩ።

ሁሉም ሰላም ሆኖ ሳለ ወይዘሮ መጣች።

ወይዘሮ በግ ናት። እናቷ ስትሞትባት ጋሼ መርፌ በጡጦ አሳድገዋታል፤ ገና ሱቅ ሳሉ ከስፌት መኪናው ሥር እየተኛች የደንበኛ ሙሽራ የቀሚስ ጠርዝ በልታ አስከፍላቸዋለች። ሲጠሯት ትመጣለች። ሲሰፉ አገጯን ጉልበታቸው ላይ ትጥላለች። ማንም ሳያይ በኪሳቸው ፉርሽካ ይዘውላት ስለሚሄዱ ወገቧ እንደ ትራስ ሞልቷል። አንድ ጊዜ ነጥታ ደረቁ በረት ገብታ ወጥታለች። እና ክረምቱ ሊወጣ ሲል የዓይኗን ቆብ ገለጡት፤ አራተኛ። እንዲያውም አምስተኛ የሚሉ ዓይኖች ይኖራሉ።

ልጅቱ ከኋላ ቆማ ቀጣዩን ጠቦት ይዛለች። «ስንት ናት?»

«ሁለተኛ» አሉ ጋሼ መርፌ።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ እንደ ዋዛ ነበር። ማታ ሥራ አለኝ ብለው ቢቀመጡ መርፌው ዓይኑን ሸሸጋቸው። «ወፍራም ናት እኮ፤ ምን ትሆናለች» ብለው ራሳቸውን አባበሉ። ሆድ ይፍጀው አሉ። በቀጣዩም ዙር ሁለተኛ አሏት፤ በሚቀጥለውም። ሆዳቸው ግን መፍጀቱን ትቶ ይፈጃቸው ጀመር። የጎረቤቱን ሱሪ አንዱን እግር አሳጥረው ሌላውን ረሱት፤ ሰውየው ለብሶ ወጥቶ «ጋሼ፣ አንዱ እግሬ ብቻ ነው እንዴ ጎርፍ የሚሻገረው?» ብሎ ሰፈሩን አሳቀባቸው። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ግልገሎቹ መድከም ጀመሩ። መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ ቀሩ። ቀጥሎ የሦስቱ መንጋጋ ሥር ውኃ የቋጠረ ከረጢት መስሎ አበጠ። አንዷ በማለዳ በረቱ ጥግ ደርቃ ተገኘች። ጋሼ መርፌ ሊቀብሯት ይዘዋት ሲሄዱ የዓይኗን ቆብ አልገለጡም። ምን ቀለም እንደሆነ ሳያዩት ያውቁታል።

ልጅቱ ግን የምታውቀው ነገር ስላልነበረ ራሷን ስትመረምር ከረመች። ክፍሎቹን ሳያርፉ አስግጫቸው ይሆን? ላሞቹን አዘግይቼ ይሆን? ራሷን ጨርሳ ወደ ባሏ ዞረች።

«አጥሩን የምታዞረው አንተ ነህ። ያላረፈው ክፍል ከፍተህላቸዋል።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ያልሽኝን ነው የከፈትኩት።»

«ታዲያ ትሉ በአውቶቡስ መጣ?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? መናኸሪያ ሄደሽ ጠይቂ!»

ጋሼ መርፌ ከግድግዳው ወዲህ ሆነው ሰሙ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። እከኩ ደግሞ የማን እንደሆነ ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ተነስተው በሩ ድረስ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ክር የጠፋባቸው መስለው ተመለሱ።

እንዲህ እያለ ልጅቱ ተስፋ ቆረጠች። «አልሆነልኝም። መድኃኒቱም አልሠራ፣ ያለ መድኃኒቱም አልሠራ። ልሽጣቸው» አለችና ነጋዴ ጠራች።

ነጋዴው ቀትር ላይ መጣ፤ በዱላው የበጉን ሁሉ ጀርባ እየደባበሰ ፊቱን አጨማደደ። ወይዘሮ ጋ ሲደርስ ፊቱ በራ።

«ይቺማ! ይቺ አትታረድም። ለእርባታ የሚፈልግ ሰው አለኝ፤ ሰፊ መስክ አለው፣ ብዙ መንጋ አለው። እዚያ ትወልዳለች፣ ታረጃለች።»

ጋሼ መርፌ ልባቸው ዘለለ። መውጫው በር ይኸውና ወለል ብሎ ተከፈተላቸው! አፋቸውን ብቻ ቢዘጉ ወይዘሮ በሕይወት ትኖራለች። መንጋው ይሸጣል፤ ጉዳዩም አብሮ ይሸጣል። ማን ምን ያውቃል?

ሰፊ መስክ፣ ብዙ መንጋ። የማያውቁት ሰው ሣር ላይ የማያውቋቸው ግልገሎች መንጋጋቸው ሲያብጥ ታያቸው።

ከወዲያ ሹፌሩ ልብሱን በሻንጣ ጠቅጥቆ ወጣ። «አዲሱ ጭነት ሩቅ ነው። ስመለስ እንነጋገራለን፤ ከተመለስኩ» አለ ለሚስቱ። እሷ ገመድ ስትጠቀልል ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

«አንተ ልጅ፣ ሻንጣህን አስቀምጥ» አሉ ጋሼ መርፌ። ድምፃቸው ከጠበቁት በላይ ጮኸ። «አጥሩን በትክክል ነው የምታዞረው። ወይዘሮን አትሽጧት፣ የሰው መንጋ ትፈጃለች። ግልገሎቹን የፈጀች እሷ ናት… እሷማ ምን አጠፋች? እኔ ነኝ።»

ነጋዴው ሳቀ። «ሽማግሌው ፀሐይ መታቸው እንዴ?»

ልጅቱ አልሳቀችም። መጥታ ወይዘሮን አገጯን ያዘች፣ የዓይኗን ቆብ ገለጠች። ጥብጣብ አላስፈለጋትም፤ ነጭ ነበር። ወይዘሮ ፉርሽካ የመጣላት መስሏት ወደ ጋሼ መርፌ ኪስ አፏን ዘረጋች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጅቱ።

«ክረምቱ ሊወጣ ሲል።»

«በየዙሩ እያዩ?»

«በየዙሩ እያየሁ።»

«አጥሩን ነው እኮ ስለካ የከረምኩት። ሣሩን። ባሌን» አለች። ጮኻ ብትሰድባቸው ጋሼ መርፌ በወደዱ ነበር። አልጮኸችም። ሄዳ የባሏን ሻንጣ ከእጁ ተቀበለችና ወደ ቤት አስገባችው። ምን እንደተባባሉ ጋሼ መርፌ አልሰሙም፤ ለመስማትም ፊት አልነበራቸውም። ነጋዴው ስለ ጠፋበት ጊዜ እያጉረመረመ ባዶ እጁን ሄደ።

ወይዘሮን ሥጋ ቤት የወሰዷት ራሳቸው ናቸው። ሹፌሩ «እኔ ልውሰዳት፣ ጋሼ» ቢላቸው እምቢ አሉ። ገመድም አላስፈለጋት። እንደ ልማዷ ተከትላቸው ሄደች፤ መንገዱን ሁሉ የከበዳቸው ይሄ ነበር።

መንጋው ከዚያ መስክ ወጥቶ ቁጥቋጦው አካባቢ ቅጠል ሲቀነጥብ ሰነበተ። መንጋጋቸው ካበጠው አንዷ ግልገል ዳነች፤ ሌላዋ አልዳነችም። ጋሼ መርፌ ከክፍላቸው ብዙም አይወጡ ነበር። ዓይን የሚታይበት ቀን ሲደርስ ግን ልጅቱ በራቸው ላይ ቆመች።

«ዛሬ ጥብጣቡን እኔ ነኝ የምይዘው። እርስዎ በጎቹን ይያዙ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ያዙ። እሷ ትገልጣለች፣ ትጠራለች፤ ሹፌሩ በር ይከፍታል። አንደኛ። ሁለተኛ። ሁለተኛ። ጋሼ መርፌ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው የበጎቹን አንገት ብቻ ያቅፋሉ። አንድ ባለ ነጠብጣብ ጠቦት ላይ ሲደርሱ ሳያስቡት ቀና አሉ።

«ሁለተኛ» አለች ልጅቱ።

አይደለም። የራሷ ጥላ የጠቦቱ ዓይን ላይ ወድቆ ቀለሙን አድምቆታል። በየትኛው አፋቸው ይናገሩ? በዚያው «ሁለተኛ» ባሉበት? ዝም ማለት ትሕትና መሰላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ዝምታው የድሮው ውሸት ታናሽ ወንድም መሆኑ ታወቃቸው። ሹፌሩ የመስኩን በር እየከፈተ ነው።

«አራተኛ ነው» አሉ።

ሹፌሩ በሩን እንደያዘ ቆመ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጥላሽ ወድቆበት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ወደ ፀሐይ አዙሪውና ራስሽ እዪው። እኔን አትመኚ።»

አዞረችው። ጥብጣቡን አስጠጋች፤ አንዴ ሦስተኛው ላይ፣ አንዴ አራተኛው ላይ።

«አራተኛ» አለች ለባሏ። «ወደ ደረቁ በረት።»

ከዚያ ጥላዋን ከፊታቸው አንስታ ወደ ማዶ ዞራ ቆመች።

«ቀጣዩን ያምጡ» አለች።