እሳት ያጣችው ላንድክሩዘር

«አዙሪው!» አለ ገዛኸኝ ኮፈኑ ሥር እንዳጎነበሰ።

«ኮረንቲው ቢገድልህስ?»

«አዙሪው ስልሽ!»

ዝናሽ ዐይኗን ጨፍና ቁልፉን አዞረች። በዚህ የዐረብ አገር፣ የአል ዱሃይል ቪላ ስድስት ዓመት ስትሠራ መሪ ፊት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም ባባ የሚሉት የቤቱ ጌታ በሚሳሳላት በሟች አባቱ ላንድክሩዘር ላይ። ሞተሩ በኃይል ተሽከረከረ፤ አልተነሳም። ገዛኸኝም እንዲነሳ አልጠበቀም። ነዳጁን በእሳት የሚለኩሰውን አንዱን ካንዴላ ፈትቶ፣ ከነገመዱ በፒንሳ ይዞ፣ ከሞተሩ ብረት ጋር አስጠግቶ እሳቱን ነበር የሚያየው።

«ቀይ ነው፤ ቀይና ቀጭን» አለ። «ሰማያዊ ሆኖ ጧ ማለት ነበረበት። በዚህ እሳት እንኳን ሞተር ሲጋራም አይለኮስም!»

«ታዲያ አራት ሰዓት ላይ ጋራዦቹ ጭነው ሊወስዷት አይደል? ሞተሩን አውጥተው አዲስ ይገጥሙላታል።»

«የሚያንገበግበኝ እሱ እኮ ነው! ሞተሩ ጤነኛ ነው። ለጤነኛ ሰው ልብ ይቀየርለታል?»

ገዛኸኝ በኮንትራቱ ላይ የማዳም ሹፌር ነው፣ በቃ። አዲስ አበባ አብነት አካባቢ አሥራ ስድስት ዓመት ላዳ ታክሲ ሲፈታና ሲገጥም መኖሩን ከዝናሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ደላላው ገና ሲልከው «ሙያ አለኝ እንዳትል፤ ለአንድ ደሞዝ ሁለት ሹግል፣ ሁለት ሥራ ያሠሩሃል» ብሎ መክሮታል። እሱም ሦስት ዓመት ሙሉ አፉን ዘግቶ ነዳ። የዛሬው ግን ከአቅሙ በላይ ሆነበት። የጋራዡ ሰዎች መኪናዋን ለብሔራዊ ቀን ብለው ወስደው፣ ከላይ እስከ ታች በአገሩ ባንዲራ ነጭና ወይን ጠጅ ቀለም አሳምረው፣ ካንዴላውንም ገመዱንም እሳት አመንጪውን ኮይልም በአዲስ ቀይረው አመጧት። ከዚያ ወዲህ ተነስታ አታውቅም። በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ባባ ኀዘኑ ላይ እልህ ተጨምሮበት «ኸላስ፣ በቃ፣ ሞተሩ ይውጣ» ብሏል።

«ዝናሽ!»

ባባ በሩ ላይ ቆሟል። ዝናሽ ቁልፉን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችና ዘላ ወረደች።

«ባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ገዛኸኝ በተሰባበረ ዐረብኛ። «ግድ ያልኳት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ። ካልተነሳች ዛሬውኑ አገሬ ይላኩኝ።»

«ኧረ አብዷል!» አለች ዝናሽ በአማርኛ።

ባባ ሰዓቱን አየ። መኪናዋንም አየ። የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ያላ፣ ጀምር» አለ።

ገዛኸኝን ላብ አጠመቀው። ካንዴላው አዲስ፣ ገመዱ አዲስ፣ ኮይሉ አዲስ፤ ባትሪውም ሞተሩን እንደ ጉድ ያሽከረክረዋል። ምን ቀረ? የቀረውማ ለስድስቱ ካንዴላ እሳት የሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ነው። ጎንበስ ብሎ አየው። እሱም ተቀብቷል! አካሉ፣ ቡሎኑ፣ ሞተሩ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ሳይቀር ወይን ጠጅ ሆኗል። «እናንተ ሰዎች፣ ባንዲራ ነው የሠራችሁት ወይስ መኪና?» አለ ለራሱ። ካቻቢቴ አንስቶ ከአካሉ ላይ ጥፍር የምታህል ቀለም ፋቀ። ከባትሪው ኔጋቲቭ ኬብል ዘርግቶ እዚያች የተፋቀች ቦታ ላይ አሰረና ካንዴላውን እንደገና ከሞተሩ ብረት አስጠጋ።

«ዝናሽ፣ ድገሚው።»

ዝናሽ ባባን አየች። በአገጩ ፈቀደላት። አዞረችው።

ጧ! ጧ! ጧ! ሰማያዊ፣ ወፍራም።

«ያውልህ!» ብሎ ጮኸ ገዛኸኝ የሚያናግረው ባባን መሆኑን ረስቶ። «ዲስትሪቢዩተሩ ኔጋቲቭ አጥቶ ነው! ብረት ከብረት እንዳይነካ በቀለም አፍነውት!»

ኬብሉን ፈታ። ዲስትሪቢዩተሩን ከመንቀሉ በፊት የነበረበትን አቀማመጥ በጭረት ምልክት አደረገበት፤ ያን ያልሠራ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። አወጣው፣ መቀመጫውን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተገው፣ በምልክቱ መለሰው፣ ካንዴላውንም ቦታው አሰረ። እጁ ይህን ሁሉ ሳይነገረው ነው የሚያደርገው። ሦስት ዓመት ሙሉ የናፈቀው ይሄ ነበር።

ዝናሽ አዞረች። ላንድክሩዘሯ አንዴ ሳል አለችና ተነሳች።

ባባ ከወንበሩ ተነሳ። «አባቴ ከበር ሲገባ ድምጿ እንዲህ ነበር» አለ። ዐይኑን ራሱ ላይ በጣለው ሽማግ ጫፍ ጠረገ።

የጋራዡ ፎርማን ጭነት መኪናውን ይዞ ሲደርስ ሞተሩ አሁንም ይሠራ ነበር። ሰውዬው ወደ ኮፈኑ ሥር አንገቱን አስገባና የተፋቀውን ብረት አየ።

«ተላልጧል» አለ። «እንወስዳትና ይሄን ቦታ መልሰን እንቀባዋለን።»

«አይነካም!» አለ ገዛኸኝ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው።

ፎርማኑ ወደ ባባ ዞረ። «ይሄ ሹፌርህ አይደለም እንዴ?»

ባባም ወደ ገዛኸኝ ዞሮ መልሱን ጠበቀ። ዝናሽ ከኋላው በሹክሹክታ «በዕድል ነው በል! ጉድህ እንዳይፈላ!» አለችው።

ገዛኸኝ ኮፈኑን በቀስታ ዘጋ።

«መካኒክ ነኝ፣ ባባ። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁ መካኒክ።»

ባባ ለፎርማኑ ሂድ የሚል ምልክት ሰጠው። ከዚያ ሳቀ። «ወንድሜ ግቢ የአባቴ ሁለት መኪናዎች ቆመዋል» አለ። «እነሱም አይነሱም።»

«ይኸው!» አለች ዝናሽ ራሷን ይዛ። «አለቀልህ! ከዛሬ ጀምሮ የዱሃይል አሮጌ መኪና ሁሉ አንተው ላይ ሊራገፍ ነው!»

«ይምጡ» አለ ገዛኸኝ። ወረድ ያለውን የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለ።