ሦስተኛው ቅጽ በስልክ

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ፀደይ ዓይኗን ከስልኳ አትነቅልም። ማራኪ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ መሃል ላይ ስልኳ ተቀምጧል። ከጮኸ አዳነ ደህና ነው ማለት ነው። ካልጮኸ ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም።

ሥራ ፈቶች እንዳይመስሏችሁ። ፀደይ የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ናት። ሄለን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ፋንታሁን በቤተ መጻሕፍት ሥራ ሸምግሎ ጡረታ የወጣ፣ ለመጽሐፍ ካልሆነ ለማንም የማይራራ ሰው ነው። አራተኛው የፊዚክስ መምህሩ አዳነ ነው። ያገናኛቸው የፋንታሁን ባለ ሦስት ቅጽ አሮጌ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው፤ ፀሐይዋ ከደበዘዘችባት ምድር ተሰደው ድንጋያማ ፕላኔት ላይ ስለሰፈሩ ሰዎችና ስለ ሐኪማቸው የሚያወራ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ያለውም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ ተራ የደረሰው ወስዶ ያነብና ቅዳሜ ቅዳሜ ለሌሎቹ በአማርኛ ይተርክላቸዋል። ሌላው፣ የመጽሐፉ ባለቤት ፋንታሁንም ቢሆን፣ ማዳመጥ እንጂ ቀድሞ ማንበብ አይፈቀድለትም። ፋንታሁን ይህን «ጾም መግደፍ» ይለዋል፤ ሲለውም አይቀልድም። አንዴ ሄለን የምዕራፍ ርዕስ ብቻ አየሁ ብላ ብታምን ወር ሙሉ ፊት ነሥቷታል።

ፀደይ ግን ገድፋለች። ሦስተኛውን ቅጽ ሽፋኑን እንድትጠግን ተሰጥቷት ሳለ እስቲ አንድ ገጽ ብላ ጀመረችና እስከ መጨረሻው ጨረሰችው። ከዚያ ፕላስቲክ አልብሳ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆና ለባለ ተራው ለአዳነ ሰጠችው።

አዳነም ቅጹን በቦርሳው ይዞ፣ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ከአዲ አርቃይ ወጣ ብሎ ወዳለው ቀዬው ወረደ። በሳምንቱ ሊመለስ ነበር። ተኩስ ተጀመረና መንገዱ ተዘጋ፤ ኢንተርኔቱማ ከጠፋ ቆይቷል። ስልክ ብቻ አንዳንዴ ይሠራል። አዳነ ደውሎ ተራዬን ለማንም አልለቅም አላቸው፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እየወጣ በየቅዳሜው ይተርክላቸው ጀመር። ፀደይ ደግሞ አዳነን ትወደዋለች። ይህን ከአዳነ በቀር የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ያውቃል።

ባለፈው ቅዳሜ አልደወለም። ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሄለን ጥፍሯን ትበላለች፣ ፋንታሁን የጠራውን መነጽሩን መልሶ መላልሶ ይወለውላል፣ ፀደይ ስልኩ ድምፁ ተዘግቶ እንደሆነ ለማየት እጇን ትልካለች። በመጨረሻ ሲጮህ ሦስቱም ደነገጡ።

ድምፁ የደህና ሰው ይመስላል። ሄለን ስለ እናቱ ስትጠይቀው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ አለፈና ወደ ትረካው ገባ። ሐኪሟ ከጠፈር መርከቧ ወርዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች አላቸው። ቤቱ በር የለውም፣ ጣሪያውም ነድዶ ወርዷል። እናቷን ጎረቤቶች አውጥተው ጥድ ሥር አጋድመዋት አገኘቻት። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነባት እጇ እስኪደማ ቆፈረች፤ አልቃሽም ቀባሪም በወጉ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ወደ ገደሉ ሸሽቶ ነበር። ሄለን በዚያ ፕላኔት ላይ ጥድ ከየት መጣ ብላ አንሾካሾከች። ፋንታሁን ዘር ይዘው ሄደው ይሆናላ አላትና ዝም አሰኛት።

ፀደይ ቀና አለች። እስካሁን የተረከው ሁሉ ከመጽሐፉ ዝንፍ አላለም ነበር። በዚህ ምዕራፍ ግን ሐኪሟ ከመርከቧ ንቅንቅ አትልም። የሚቃጠል ቤት፣ የምትቀበር እናት የለችም። መጽሐፉ እጁ ላይ ቢኖር ይህን አይልም። መጽሐፉ ደግሞ የሚቀመጠው እናቱ ቤት ነው። እንዳትጠይቀው መግደፏ ሊወጣ ነው፤ የፋንታሁንን ፊት ፈራች። ከዚያ ይበልጥ የምትሰማውን ፈራች። ብትተወውም አዳነ ያን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ከጉብታው ሊወርድ ነው።

«አዳነ» አለች፤ «መጽሐፉ የት ነው?»

«እጄ ላይ ነዋ።»

«እኔ አንብቤዋለሁ። እስከ መጨረሻው። እንዲህ አይልም።»

ፋንታሁን ወደ እሷ ዞረ። ቁጣው ፊቱ ላይ መጣና ወዲያው ጠፋ፤ ነገሩ ገብቶታል። አዳነም እውነቱን ነገራቸው። እሳቱን ማን እንዳነሳው የሚያውቅ የለም። እናቱን የቀበራት ባለፈው ቅዳሜ ነው። በገዛ አንደበቱ ሊነግራቸው ሞክሮ አልሆነለትም፤ በሐኪሟ ሲሆን ግን ቃሉ ወጣለት። መጽሐፉም ከቤቱ ጋር ነደደ፤ አያ ፋንታሁን ይቅር ይበሉኝ አለ። ሄለን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ፋንታሁን ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ነፍስ ይማር ልጄ ብቻ አለው።

«ፀደይ» አለ አዳነ፤ «ካነበብሽውማ መጨረሻውን ንገሪኝ። እኔ እንኳ ሳልደርስበት ነው የነደደው።»

መጨረሻውን በቃሏ ታውቀዋለች። ልትጀምር አለችና ተወችው። ከነገረችው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉብታው ላይ ምን ያወጣዋል? አንድ የሚጠብቀው ነገር ይኑረው ብላ አሰበች።

«አልነግርህም። መጥተህ ትሰማዋለህ።»

አዳነ ሳቀ፤ ትንሽ ሳቅ ናት፣ ግን የራሱ።

«ሸጋ» አለ። «እንግዲያው ነገ በእግሬ የሊማሊሞን ዳገት እወጣለሁ። እዚህ ምን ይይዘኛል?»

መንገዱ ሲከፈት ማለቷ ነበር። በዚያ መንገድ ሲያልፉ ለቆሰሉ ሰዎች በየማለዳው የሚሰጣቸውን ደም የምትመረምረው እሷ ናት፤ ሆስፒታል ከደረሱት ይልቅ ያልደረሱት እንደሚበዙም ታውቃለች። «አይ፣ አይ አዳነ፣ አሁን ማለቴ አይደለም» ስትል መስመሩ ተቋርጧል።

ደወለች። የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም አላት። ፋንታሁን በራሱ ስልክ ደወለ፣ ሄለንም በራሷ። ለሁሉም ያችው ሴትዮ ያንኑ መለሰች። ፀደይ ከወንበሯ ተነስታ በመስኮቱ ብርሃን መልእክት መጻፍ ጀመረች። የመጽሐፉን መጨረሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማን እንደተረፈ፣ ማን እንደቀረ፣ መርከቧ የት እንዳረፈች፣ አንዲት ነገር ሳታስቀር ጻፈችው። ፊደል እንዳትስት ቃሉን ጮክ ብላ እየጠራች ነበር የምትጽፈው፤ ፋንታሁን ያን ሁሉ ዘመን ሊሰማው የጓጓለትን መጨረሻ ሲሰማ ቶሎ በይ ከማለት በቀር ምንም አላለም።

«ሐኪሟ በሰላም ትደርሳለች» ብላ ጨረሰች፤ «አሁን ሁሉንም አውቀኸዋል። አትምጣ።»

ላከችው። ስልኩ አልተላከም አላት። እንደገና ላከችው።