ሁለት እግር የሚያስቆም መሬት

ኡና ራንኪን እንግዶቹን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ መውሰድ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ቦታው ከመኪናው መንገድ ሃምሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ከሦስት የበርች ዛፎች ሥር ያለ ደረቅ ጉብታ ነው። እንግዳው ከሊድስም ይምጣ ከኮፐንሃገን፣ የምስክር ወረቀቱን ከፕላስቲክ ሽፋኑ አውጥቶ ቁጥሩን ያነብላታል። እሷም ደብተሯን ገለጥ ታደርግና፣ ችካል የምትቆጥር መስላ ዞር ዞር ብላ፣ "ይኸው የእርስዎ ርስት" ትላለች። እንግዳው እግሩን ገጥሞ ይቆማል። መሬቱ ሁለት እግር ከማስቆም አያልፍም፤ የተሸጠውም እንደዚያ ተብሎ ነው። ገንዘቡ የጥንቱ ደን ተመልሶ እንዲተከል ይውላል፤ ገዢውም ለማስታወሻ ያህል ሌርድ ወይም ሌዲ ተብሎ፣ ባለርስት ሆኖ ወደ አገሩ ይመለሳል። ትንሽ ባንዲራ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሣል። አንዳንዱ ያለቅሳል።

እውነተኞቹ የመሬት ቁራሾች ግን ጅረቱን ተሻግሮ፣ ረግረጉ ውስጥ ናቸው።

ባሏ ሮሪ በሕይወት ሳለ እንዲህ አይደረግም ነበር። ችካሎቹን አንድ በአንድ የተከላቸው እሱ ነው። በየቁራሹ ልክ የተቋጠረ ረጅም ገመድ ነበረው። የሰማንያ ዓመት አሮጊት ብትመጣም ቦቲ ጫማ አልብሶ፣ ክንዷን ይዞ፣ ገመዱን እየዘረጋ ትክክለኛዋ ቁራሽ ላይ ያደርሳታል። "የገዛችው ያንን ነው። በሰው መሬት ላይ አላቆማትም" ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ እየሳቁ አንዲት ቁራሽ በስሙ ገዙለት። እሱም ወረቀቱን የመጸዳጃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከአምስት ወር በኋላ ልቡ ቆመ፤ ሐይቁ ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት።

ሥራውን የተረከበችው ኡና ረግረጉ ውስጥ ላለመግባት ጉልበቷን እንደሚያማት ለመሥሪያ ቤቱ ተናገረች። ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በረግረጉ የሚሄደው መንገድ በሮሪ ቁራሽ አጠገብ ያልፋል። መቃብሩን በየእሑዱ ትጎበኛለች፤ መቃብር ሰው አለበት። ያቺን ቁራሽ ግን ባዶዋን ማየት አልቻለችም።

በጥቅምት ሦስተኛው ሳምንት ጉብታው ላይ ሣሩ አለቀ።

"አጋዘን ነዋ" አላት ፊንሌይ። ፊንሌይ ትኬትና ፖስት ካርድ የሚሸጥበት የእንጨት ክፍል ውስጥ ምድጃውን ተጠግቶ የቅቤ ብስኩት ይበላ ነበር።

"አጋዘን የቤት ጫማ ያደርጋል?"

"ካደረገማ እሱንም ሌርድ እንበለውና ወረቀት እንሽጥለት።"

"ከሰኞ ወዲህ እንግዳ መጥቷል?"

"በዚህ ካፊያ ማን ይመጣል፣ እትዬ ኡና? እኔም የመጣሁት ሚስቴ ከቤት ስላባረረችኝ ነው።"

ኡና ያየችውን ሁሉ አልነገረችውም። የቤት ጫማ ዱካ ነበረ። የባዶ እግር ነበረ። የከዘራ ጫፍ የወጋው ቀዳዳ ነበረ። ሁሉም ከመንገዱ በኩል መጥተው እሷ እንግዶቹን በምታቆምበት በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተደራርበዋል፣ ጭቃውም ከዳር እስከ ዳር ተቦክቷል። ወደ መንገዱ የሚመለስ ዱካ አንድም አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ሳለ አንዲት ሴት በታክሲ መጣች። ኡና አወቀቻት። ባለፈው ዓመት ከባሏ ጋር መጥታ ነበር። ባልየው ሁለት ከዘራ ተደግፎ፣ ሳል እያፈነው፣ ጉብታው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ፎቶ ተነሥቷል።

"ሌዲ ፔል" አለ ፊንሌይ ወረቀቷን አይቶ፣ ቆሜ ካልተቀበልኩ እያለ። "እንኳን ወደ ርስትዎ በደህና መጡ።"

"ሚስስ ፔል ይበሉኝ። ሌርዱ የለም፤ በሚያዝያ ነው ያረፈው።"

ፊንሌይ ብስኩቱን አስቀመጠ።

ሚስስ ፔል ከቦርሳዋ የሱፍ ኮፍያ አወጣች። "ጎርደን እዚያ እንዳስቀምጥለት ለምኖኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ የራሱ መሬት ኖሮት አያውቅም። 'መኖሪያዬ እዚያ ነው' እያለ ነው የሞተው። ቀልዱን ነው ብዬ ነበር።"

ወደ ጉብታው ሄዱ። ጉሙ ውስጥ ሦስቱ በርቾች ብቻ ይታያሉ። ወፍ የለም፣ ነፋስም የለም። ሚስስ ፔል ጎንበስ ብላ ኮፍያውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቀና ሳትል ኮፍያው አንድ ክንድ ያህል ተንሸራቶ ከጉብታው ወረደ።

መልሳ አስቀመጠችው። አሁንም ሰው በእግሩ ቀስ አድርጎ ገፋ እንዳደረገው ሁሉ ወረደ።

ሦስተኛ ጊዜ በእጇ ይዛው ቆየች። ከዚያ ሰው በሞላበት አውቶቡስ ውስጥ እንዳለች ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች። ኡናም ተሰማት፤ ከግራ ከቀኝ የሚጠጋ ነገር፣ የብዙ ሰው እርጥብ ልብስ ሽታ፣ አንገቷ ሥር ቀዝቃዛ ትንፋሽ።

"ቦታ የለም" አለች ሚስስ ፔል በዝግታ። "እሱ ደግሞ መጨናነቅ አይወድም ነበር። የሚቀመጥበት የሌለውን ሰው አይጭንም።"

ኡና ደብተሯን ዘጋች። "ቦታው ይሄ አይደለም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ረግረጉ ውስጥ ነው። ወደዚያ መሄድ ስላልፈለግኩ የመጣውን ሁሉ እዚህ አቆማለሁ። እናንተንም ሌላውንም። ስንት ሰው እንደሆነ አላውቅም።"

ሚስስ ፔል ወደ እሷ ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር። "እሱ እኮ እዚህ ነው ብሎ ነው የሞተው። ወዴት ይሂድ ታዲያ?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ይገትርሻል? ውሰጂን።"

ኡና ከክፍሉ ሁለት ጥንድ ቦቲ ጫማና የሮሪን ገመድ አመጣች። ገመዱ ሁለት ዓመት ከተሰቀለበት ሚስማር ላይ ሲወርድ ደርቆ እንደ ሽቦ ሆኖ ነበር። ፊንሌይ በር ላይ ቆሞ፣ "ጉልበትሽስ?" አላት። "አብሮኝ ይመጣል" አለችው።

ጅረቱን በድንጋዮቹ ላይ ተሻገሩ። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እንደ ስፖንጅ ነው። እግር ሲያርፍበት ውኃ እየተፋ ይሰምጣል፣ እግር ሲነሣለት ወዲያው ቀና ይላል። ኡና ኋላዋን ስታይ የራሳቸው ዱካ እየጠፋ ነበር። ገመዱን ከመጀመሪያው ችካል ጋር አስራ ቋጠሮዎቹን መቁጠር ጀመረች።

ድምፁን የሰማችው ያኔ ነው። ከኋላቸው ጭቃ እየረገጠ የሚመጣ እግር። አንድ አይደለም። ቸኩሎ የሚሄድ፣ እየጎተተ የሚሄድ፣ በከዘራ የሚሄድ፣ ሁሉም በተራ፣ እነሱ ሲቆሙ የሚቆሙ።

"ሰማሽ?" አለች ሚስስ ፔል።

"ሰምቻለሁ። ወደፊት ይመልከቱ።"

"ወደ ኋላ ዞሬ ጎርደንን ባላየውስ ብዬ ነው የፈራሁት።"

"ገመዱን ይያዙልኝ።"

በሦስተኛው ችካል፣ በአሥራ ሰባተኛው ቋጠሮ ላይ ኡና ቆመች። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ሮሪም ሁለት ጊዜ ነበር የሚቆጥረው። "ይኸው። ይሄ የባለቤትዎ ነው" አለች። ድምፅዋ ጉብታው ላይ ስትዋሽበት ከነበረው ድምፅ ጋር አልተመሳሰለባትም።

ሚስስ ፔል ኮፍያውን አኖረች። ኮፍያው ባለበት ቀረ። ከዚያ፣ ኡና እያየችው፣ ትንሽ በትንሽ ወደ ታች ሰመጠ፤ ዙሪያው ያለው ሣርም በሁለት እግር ልክ አብሮት ጎደጎደ። ከኋላቸው ያለው የእግር ድምፅ ተበተነ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ አንዱ ሩቅ አንዱ ቅርብ፣ እያንዳንዱ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። የመጨረሻው እስኪቆም ድረስ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

"እዚሁ ትንሽ ልቁምለት" አለች ሚስስ ፔል።

"ይቁሙ። እኔም የምሄድበት አለኝ።"

እስከ አምስተኛው ችካል ሩቅ አልነበረም። ኡና ግን ቋጠሮዎቹን በጣቷ እየዳበሰች፣ መድረሱን የፈራች ያህል ዝግ ብላ ሄደች። የሮሪን ቁጥር ከደብተሩ ማየት አላስፈለጋትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እጇን በታጠበች ቁጥር መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንብባዋለች። ስትደርስ ዓይኗን ወዲያው መሬቱ ላይ አልጣለችም። ጉሙን አየች። ችካሉን አየች። ከዚያ አየች።

ቁራሿ ላይ ሁለት የቦቲ ጫማ ዱካ ነበር። ተረከዙ ከጣቱ ይልቅ ሰምጧል፤ ሮሪ ሲቆም ወደ ኋላ ደገፍ ይል ነበር። ዱካው የሚያየው ወደ ሐይቁም ወደ ቤታቸውም አልነበረም። ጅረቱን አሻግሮ ወደ ሦስቱ በርቾች፣ ወደ ደረቁ ጉብታ ነበር የሚያየው።

ኡና ሣሩ ቀና እንዲል ጠበቀች። ይሄ ሣር እግር ሲነሣለት ወዲያው ቀና ይላል።

ቀና አላለም።

"አይተኸኛል ማለት ነው" አለች። "ሁሌም።"

ገመዱን ከእጇ ላይ ፈታችና ችካሉ ላይ አንጠለጠለችው። ከሮሪ ቁራሽ አጠገብ ያለችው ቁራሽ በደብተሩ ላይ የአንድ የኮፐንሃገን ጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰውየው በሕይወት ይኑር አይኑር አታውቅም። ወደዚያ በኩል ዞር ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከዚያም እግሯን ገጥማ ቆመች።