ኮሌታ ላይ የቀረችው ሽቦ

እናትየዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

"ኮሌታሽ ላይ የሰካሻት ምንድን ናት?"

ልጅቷ እጇን ሰደደች። የነካቻትን ስታውቅ ክው አለች። ሁለት እግር ያላት ትንሽ ሽቦ ናት፤ የመኪና መሪ ክንድ የታሰረበት ዳዶ ከብሎኑ ተፈትቶ እንዳይወልቅ የምታግደው።

ቤታቸው ግማሹ ጋራዥ፣ ግማሹ ልብስ ስፌት ነው። ልጅቷ በሁለቱ መሃል ስታድግ ከአባቷ ሞተር ማዳመጥን ተማረች። ከእናቷ ደግሞ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት መርፌን በከንፈር መያዝ፣ ማውራት ሲያስፈልግም ኮሌታ ላይ መሰካት ለመደች። አባቷ ቡሎን በከንፈሯ ይዛ ባያት ቁጥር፣ "የእናቷ ልጅ! መኪናውን ልትሰፋው ነው" እያለ ይስቅ ነበር።

እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ሥራው በእሷ ላይ ወደቀ። ዛሬ ጠዋት ብቻዋን የሠራችው የአጎቷን ሚኒባስ ነው። አጎትየው አፉ ሥራ ስለማይፈታ ሰፈሩ "ጥሩንባ" ይለዋል። እሷ ከመኪናው ሥር ተኝታ ሽቦዋን በከንፈሯ እንደያዘች፣ ጎንበስ ብሎ ጮኸባት።

"አንቺ፣ ሚኒባስ ነው ወይስ የሙሽራ ቀሚስ የምትሠሪልኝ? ተሳፋሪ አመለጠኝ እኮ!"

"ጋሼ፣ አንዴ ታገሰኝ" ለማለት ሽቦዋን ከአፏ አውጥታ ኮሌታዋ ላይ ሰካቻት። እሱ ሲነተርካት፣ እሷ ስትጣደፍ፣ ሽቦዋ እዚያው ቀረች።

"አባባ፣ ሽቦዋን አልመለስኳትም!"

ጋራዡ በር ላይ የተቀመጠው አባቷ አልተቆጣም። ያ ይበልጥ አስፈራት።

"ደውይለት።"

"እየነዳ መቼ ያነሳል!"

"ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ድረሽበት። በአቋራጩ ደረጃ ወደ ላይኛው መንገድ ውጪ፣ ፈጠን በይ!"

የዳዶ ቁልፍና ፒንሳ አንስታ ሮጠች። የደረጃው መጨረሻ ላይ ስትደርስ፣ ሚኒባሱ ግጥም ብሎ ሞልቶ ብቅ አለ። እጇን ዘርግታ መንገዱ መሃል ቆመች። የሚኒባሱ ጥሩንባ ጆሮዋን ሊበጥሰው ደረሰ። መኪናው ፊቷ ላይ እየተንገጫገጨ ቆመ።

"አብደሻል እንዴ? ሰው ጭኛለሁ!"

"ሞተሩን አጥፋ፣ ጋሼ። መሪውን እንዳትነካው።"

እንዲህ አዝዛው አታውቅም። ከሥር ገባች። ዳዶው በጣቷ ዞረ። ለካ በቁልፍ እንኳ አላጠበቀችውም፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ሊወልቅ ነው።

አጎቷ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀና ሲል ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ወገኖቼ… ቀስ ብላችሁ ውረዱ።"

ዳዶውን አጠበቀችው። ሽቦዋን ከኮሌታዋ ነቅላ፣ ከንፈሯ ላይ ሳታሳርፋት፣ በቀዳዳው አሳለፈቻትና እግሮቿን በፒንሳ አጠፈች። ልትወጣ ስትል እናቷ ትዝ አለቻት። እናቷ የሰፋችውን ልብስ ከውስጥም ከውጭም በመዳፏ ሳትዳብስ ለባለቤቱ ሰጥታ አታውቅም። "የረሳሁት መርፌ የሚወጋው ሰው ነው" ትላለች። ልጅቷ ከእናቷ መሰካቱን ወርሳ ዳበሳውን ትታው ነበር።

መዳፏን በመሪው ክንድ፣ በዳዶው፣ በሽቦዋ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈች። የሽቦዋ ጫፍ ወጋት።

"ጨረስሽ?" አለ አጎቷ በለሆሳስ።

"ገና ነኝ ጋሼ። ያኛውንም ጎን ልዳብሰው።"

ጥሩንባ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተና መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።